ጓደኛ የሌላት ልጅ

እ.ኤ.አ. በ2004 በምዕራብ ጎጃም፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ጠያቂዎች ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን ያነጋግሩ ነበር። (የጥናቶቹን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) ትማሪያለሽ? አግብተሻል? ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሰምተሻል? እንዲህ ያለውን ማንም ይጠብቀዋል። መጠይቁ ግን ለገጠር ሰው ጆሮ እንግዳ የሆነ ጉዳይም ነበረበት። ጓደኛ አለሽ ወይ?

ጎጃም ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ሰንበቴ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ዕድር አለ፣ ደቦ አለ። ሰው ከሰው ተደጋግፎ በሚኖርበት አገር ብቸኝነት የከተሜ ጭንቀት ይመስላል። ሰንበቴውም ማኅበሩም ግን የአዋቂ ነው። የ12 ዓመት ልጅ እዚያ ብትገኝ ጠላ ለመቅዳትና ዕቃ ለማጠብ ነው። ትምህርት ቤት ካልሄደች እኩዮቿን የምታገኘው ወንዝ ወርዳ ወይም እንጨት ስትለቅም ነው፤ ያውም እንስራው እስኪሞላ። ከተዳረች ያቺም ጊዜ ትቀርባታለች። በማታውቀው ሰፈር፣ በማታውቀው ሰው ቤት፣ በአማት ዓይን ሥር ትውላለች።

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ጥናቱን የመሩት አናቤል ኤሩልካር የሚባሉ፣ በዚያ ጊዜ ፖፑሌሽን ካውንስል በተባለው የምርምር ድርጅት የኢትዮጵያ ቢሮ ተመራማሪ የነበሩ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር አይተው ነበር። በዚያ ዘመን ለወጣቱ ተብሎ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው በወጣት ማዕከልና በአቻ ለአቻ ትምህርት በኩል የሚያልፍ ነው። በእርግጥ የሚጠቀመው ማነው ተብሎ ሲጣራ በብዛት የተገኙት ወንዶች፣ ከወንዶቹም በዕድሜ ከፍ ያሉት ሆኑ። ትንንሾቹ ልጃገረዶች በማዕከሉ ደጃፍ እምብዛም አላለፉም። በከተማይቱ ደሃ ሰፈሮች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከገጠር ከመጡት ልጃገረዶች ሩብ የሚጠጉት ያለዕድሜያቸው እንዳይዳሩ ሸሽተው የመጡ መሆናቸውን አሳየ። ሸሽተው ከመጡበት አገር አንዱ፣ በጋብቻ ዕድሜ ማነስ ከመላ ኢትዮጵያ ቀዳሚ የነበረው የአማራ ክልል ነው። በዚያ ጊዜ በክልሉ ከሁለት ሴቶች አንዷ 15 ዓመት ሳይሞላት ትዳር ነበር።

ሕግ አልጠፋም ነበር። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ነገር ግን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬው ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ጥር ላይ ዳሱ ይጣላል፤ ከሁዳዴ በፊት ድግሱ ይጠናቀቃል። ሽማግሌ ሲላክ ልጅቱ አትጠየቅም። ብዙዎቹ ሙሽራቸውን ያዩት በሠርጋቸው ዕለት ነው። እነዚህን ወላጆች ጨካኝ የሚላቸው ሰው አያውቃቸውም። ሞት ሳይቀድማቸው የልጃቸውን ወግ ማዕረግ ማየት ይፈልጋሉ። ቁማ ቀረች እንዳትባል ይሰጋሉ፤ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ትደፈር ይሆናል ብለው ይፈራሉ። ከጥሩ ቤተሰብ ጋር መዛመድ መሬትንም፣ የክፉ ቀን መጠጊያንም ያመጣል። ዲያቆን ከመቀሰሱ በፊት ድንግል ማግባት ስላለበት ካህናት ባሉበት ቤተሰብ ልጅን በጊዜ ማጨት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ የልጅን ነገ ከማሰብ የሚመጣ ነው። የቸገረው፣ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ልጅቱ ራሷ አንድም ቃል የላትም፤ ቃል ቢኖራት እንኳ የምትነግረው ሰው የላትም።

ሞሰቦ ላይ የተሞከረው ሥራ የተነሣው ከዚህ ነው። ስሙን ብርሃነ ሔዋን አሉት። የመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ፖፑሌሽን ካውንስል የተጋገዙበት ነው። ሥራው ሦስት እግር ነበረው። አንደኛው ልጃገረዶቹን ከዚያው ከቀበሌው በተመረጡ ሴት አማካሪዎች ሥር በቡድን ማሰባሰብ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ላይ ያሉት እንዲቆዩ፣ የወጡት እንዲመለሱ በደብተርና በእስክሪብቶ ማገዝ ነው። ሦስተኛው ወላጆችንና ሽማግሌዎችን፣ ካህናቱንም ጭምር፣ ለማኅበረሰብ ውይይት ማስቀመጥ ነው። በዚህ ላይ ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ልጁን ሳይድር ቢቆይ፣ ልጅቱም ከትምህርቷ ወይም ከቡድኗ ባትቀር፣ ሲያበቃ 20 ዶላር ያህል የምታወጣ ፍየል ለልጅቱና ለቤተሰቧ ትሰጣለች።

አብዛኛው ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ፍየሏ ላይ ይቆማል። እኔ አማካሪዎቹ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

ከከተማ የመጣ ባለሙያ አንድ ግቢ ሲገባ ልጅቱ ጓዳ ትገባለች። የቀበሌው ሴት ስትገባ ግን ቡና ይፈላል። የገጠር ቤት የሚያውቅ ሰው ንግግሩን መገመት አያቅተውም። አማካሪዋ ወንበር ላይ ሳትደላደል ስለ ልጅቱ አትጀምርም። «እትዬ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ያቺ ላም ወለደችላችሁ? የወገብዎ ነገርስ እንዴት ሆነ?» ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው ወደ ነገሩ የምትመጣ። «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» «ኧረ እኔ ምኑን አውቄው! ትልቁ በሬ የሞተ ዓመት የተወለደች ናት።» እናትዬው ይህን ስትል አማካሪዋ በልቧ ትቆጥራለች፤ ያ በሬ የሞተበትን ዓመት እሷም ታስታውሰዋለችና። ይህን ቆጠራ የትኛውም የውጭ ሰው ሊቆጥረው አይችልም።

ከዚያ ቡድኑ አለ። ትምህርት ቤት የማይሄዱት ያላገቡ ልጆች አብዛኛውን የሳምንቱን ቀን ይሰበሰባሉ፤ ያገቡት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን። ፊደል ይቆጥራሉ፣ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ገቢ የሚያስገኝ የእጅ ሥራ ይለምዳሉ፣ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና ይማራሉ። በወረቀት ሲታይ መሠረተ ትምህርት ነው። በጎጃም ቤት ያደገች ልጅ ግን እዚያ የምትለማመደው ሌላም ነገር አለ። ጨዋ ልጅ የምትባለው ዓይኗን መሬት ላይ የተከለች፣ ሲጠሯት በነጠላዋ ጫፍ አፏን የምትሸፍን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ቡድኑ ውስጥ ስሟን ጮክ ብላ ትናገራለች። ጓደኛዋ ስትናገር እስክትጨርስ ታዳምጣለች፤ ካልተስማማች አልስማማም ትላለች። የምታፍርበትን ጉዳይ ለእናቷ ከመናገሯ በፊት ለአንድ ትልቅ ሰው ተናግራ ትሞክረዋለች። ዛሬ በሕክምና ቤት የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና እየተባለ የሚሰጠው ነገር ተራ በተራ ሲታይ ይኸው ነው። ያልነበረው የነጭ ካፖርቱ ሐኪምና የቀጠሮው ካርድ ነው።

ወላጆቹም እንዲሁ። ውይይቱ ስብሰባ አልነበረም፤ መድረክ ላይ የቆመ ተናጋሪ ስለ ጎጂ ልማድ የሚሰብክበት አይደለም። ሰዎቹ ያላቸውን ችግር ራሳቸው አንሥተው፣ ራሳቸው ተከራክረው፣ የጋራ ውሳኔ ላይ እስኪደርሱ የሚቀጥል ነው። ይህ የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ ለማወቅ የሰፈርን ዓይን ኃይል ማስታወስ ይበቃል። አንድ አባት ብቻውን ልጄን አልድርም ቢል ጎረቤቱ ይታዘበዋል፣ ልጁም እንከን ያላት ትመስላለች። አሥር አባቶች በአንድ ዋርካ ሥር አብረው ሲሉት ግን የማናቸውም ልጅ አትታማም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ2006 ጠያቂዎቹ ወደ ሞሰቦ ተመለሱ። ሥራው ወዳልደረሰባት፣ ለማነጻጸሪያ ወደተያዘችው እናምርት ቀበሌም ሄዱ። ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ ውጤቱን በ2009 አሳተሙት። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ትምህርት ላይ የመገኘታቸው ዕድል ከእናምርቶቹ ጋር ሲነጻጸር በ3 እጥፍ ከፍ ብሏል። የመዳር ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል። የጓደኝነታቸው መረብ ሰፍቷል። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጀመሩት መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም ጨምሯል። ይህን ሁሉ ያመጣው በአንድ ገጠር ቀበሌ የተሠራ የሁለት ዓመት ሥራ ነው። አገሬው ለዘመናት ይዞት የኖረው ልማድ በሁለት ክረምት ይህን ያህል ይነቃነቃል ብሎ የጠበቀ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ይህ ታሪክ እዚህ ቢያልቅ ለሪፖርት ይመች ነበር። ሠንጠረዡ ግን ሌላ ረድፍ አለው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች አግብተው የመገኘታቸው ዕድል ከእናምርቶቹ በ2.4 እጥፍ በልጦ ተገኘ። በትንንሾቹ ላይ ጋብቻን የገታው ሥራ በትልልቆቹ ላይ አልገታውም፤ ጭራሽ ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ።

ተመራማሪዎቹ ይህን ረድፍ አልደበቁትም፤ በጽሑፋቸው መግቢያ ማጠቃለያ ላይ አስቀመጡት። ለዚህ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ትርጉሙን በተመለከተ የራሴን ግምት ልናገር። ወላጁ የተቀበለው ትንሽ ልጅ አትዳርም የሚለውን ነው። ልጅቱ 15 ዓመት ስትሞላ ግን በእሱ ዓይን ትንሽ መሆኗ አበቃ። ሲጠብቅ የቆየው ሽማግሌ መጣ፣ ወላጅም ቃሉን የጠበቀ መስሎት እሺ አለ። የ12 ዓመት ልጅ ያላት እናት የሚያስጨንቃት ደብተር መግዣ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ያላትን እናት የሚያስጨንቃት ነገር ግን የሰው አፍ ነው፤ ልጅቱ ቤት መቀመጧ ለቤቱ ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄም ይጨመርበታል። ለሁለቱ እናቶች አንድ ዓይነት መልስ ይዞ መሄድ አይሠራም።

ቀጣዩ ጥናት ይህን ለመለየት የወጣ ይመስላል። ሞሰቦ ላይ ሦስቱም እግሮች አንድ ላይ ስለተተከሉ የትኛው ምን ያህል እንደተሸከመ ማወቅ አልተቻለም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት በአማራ ክልል ገጠር፣ እንዲሁም በታንዛኒያና በቡርኪና ፋሶ፣ እያንዳንዱ እግር ለብቻው ተተከለ። አንዱ አካባቢ የማኅበረሰብ ውይይት ብቻ አገኘ፤ ሌላው የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ። በሌላው ደግሞ ሳያገቡ ትምህርት ላይ ለቆዩ ልጆች በየዓመቱ ሁለት ዶሮ ተሰጠ፤ አንዱ ሁሉንም አገኘ፤ አንዱም ለማነጻጸሪያ ቀረ።

በአማራ ክልል የወጣው ውጤት ከላይ ያለውን የዕድሜ መስመር እንደገና አሰመረው። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ዘንድ ያሸነፈው ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ቁሳቁስ ባገኙት አካባቢዎች ልጆቹ አግብተው የመገኘታቸው ዕድል በ94 በመቶ ቀንሷል። ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት ዘንድ ግን ሚዛን የደፋው ዶሮው ነው፤ የመዳር ዕድሉን በግማሽ አወረደ። ሁሉም ነገር በአንድ ላይ በቀረበበት አካባቢ ደግሞ በዚሁ ዕድሜ በሁለት ሦስተኛ ወረደ።

ሁለት ዶሮ ሀብት አይደለም። ግን እንቁላል ይጣላል፤ እንቁላሉም ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ልጅቱ ጨውና ሳሙና ገዝታ ትገባለች። ቤት ውስጥ የተቀመጠች፣ የምትበላ፣ ቁማ የምትቀር ስትባል የነበረች ልጅ የራሷ የሆነ፣ የምታመጣው ነገር ያላት ሰው ሆነች። በቤተሰቡ ፊት የሚኖራት ቃል ክብደቱ ይለወጣል። ገንዘቡን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ያጣዋል ብዬ አምናለሁ።

የታተሙት ውጤቶች የሚናገሩት ስለ ትምህርት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። በ11 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ሌሊት ምን እንደሚያስደነግጣት፣ ቡድኑ ሐዘኗን አቅልሎላት እንደሆነ ከእነሱ አይነበብም። ለዚህ ወደ ሌላ አገር መሄድ ያስፈልጋል። በሰሜን ኡጋንዳ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች በሰፈሩባቸው ሁለት መጠለያዎች፣ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ 314 ልጆች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በሠለጠኑ የአገሬው ሰዎች መሪነት በቡድን ተቀምጦ ስለ ኀዘኑ፣ ስለ ጠቡና ስለ ብቸኝነቱ ይነጋገራል። ሁለተኛው በጨዋታና በሥዕል ይዝናናል። ሦስተኛው ተራ ይጠብቃል። ውጤቱ በ2007 ሲታተም የንግግሩ ቡድን የልጃገረዶቹን ድባቴ በግልጽ አቅልሎ ተገኘ። ጨዋታው አላቀለለም። ወንዶቹ ግን ከንግግሩም ያን ያህል አልተጠቀሙም።

ይህን ውጤት ከሞሰቦው ጎን ሳስቀምጠው የምረዳው አንድ ነገር አለ። ልጆችን ሰብስቦ ማዋል ብቻውን አይበቃም። የሚፈውሰው፣ የሚፈውስ ነገር ካለ፣ በዕድሜ የሚቀራረቡ ጥቂት ልጆች በሚያምኑት አንድ ትልቅ ሰው ፊት ያለባቸውን በስሙ ጠርተው መናገራቸው ነው። ያ ትልቅ ሰው ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆን የለበትም፤ መሠልጠንና መታመን ግን አለበት።

ለተዳሩት ልጆችም ቢሆን ነገሩ አላበቃም። መሠረተ ሕይወት የተባለው ሥራ ከ2008 ጀምሮ በአማራ ክልል ያገቡ ልጃገረዶችን በዚያው የአማካሪ ስልት ማሰባሰብ ያዘ። ባሎቹንም የሚሰበስብ አዲስ ብርሃን የሚባል ሥራ አብሮት ነበር። ግምገማው ያሳየው ሚስቶቹ ብቻቸውን ከተሰበሰቡበት ይልቅ ባልም ሚስትም በየቡድናቸው የተሳተፉበት ቤት የተሻለ መለወጡን ነው። ባል በቤት ሥራ ያግዛል፤ ሚስቱን ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀማሉ። ሞሰቦ ላይ ከልጆቹ ጋር ወላጆቹም ተይዘው ነበር። እዚህ ደግሞ የልጅቱን ቤት አሁን የያዘው ባልዋ ስለሆነ፣ ውይይቱ ወደሱ ዞረ።

አሁን ደግሞ ስሌቱ ሁሉ እንደገና ተናግቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑበት ዓመት አልፏል። ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ በዙሪያቸው ያለው ገጠርም በዚህ ውስጥ ናቸው። በ94 በመቶ የቀነሰው የጋብቻ ዕድል የቆመው በተከፈተ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። ደብተር የምትይዝ ልጅ የምትሄድበት ክፍል ከሌለ የወላጅ ፍርሃት ሁሉ በእጥፍ ይመለሳል፤ መንገዱ ያስፈራል፣ የታጠቀ ሰው ይመላለሳል፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ልጅን አደራ የሚረከብ ባል መፈለግ ከመቼውም የበለጠ ብልኀት ይመስላል። የተኩስ ድምፅ የሰማች ልጅ ጭንቀት በዚህ ላይ ይደረባል።

ከሦስቱ እግሮች አንዱ ግን ትምህርት ቤት አይፈልግም። የሞሰቦ ቡድኖች መጀመሪያውኑ የተቋቋሙት ትምህርት ቤት ላልሄዱት ነው። የሚያስፈልጋቸው ሰፈሩ የሚያምናት ሴት፣ ሰብሰብ ብለው የሚቀመጡበት ቦታና የታወቀ ቀን ነው። የቀበሌው ሴት ስለሆነች የውጭ ሰው በሚሸሽበት ጊዜ እንኳ ቤቷ እዚያው ነው። መማር ካቆሙት መካከል ቅድሚያ መፈለግ ያለባቸው 15 ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ የሞሰቦው ሠንጠረዥ የተሰነጠቀው በዚያ መስመር ላይ ነውና። ለእነሱ ከንግግሩ ጋር ዶሮው፣ ወይም በጉ፣ ወይም የእጅ ሥራው አብሮ ይምጣ። ወንዶቹ ልጆችም አሉ። ከብት የሚጠብቁት፣ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው፣ እኩዮቻቸው ኡጋንዳ ላይ ከንግግሩ ያን ያህል ያልተጠቀሙ ወንዶች ልጆች ከምን ዓይነት ቡድን ይጠቀሙ እንደሆን የሚለው ጥያቄ ገና ክፍት ነው፤ የሚቀጥለው ጠያቂ ገበሬ ማኅበር ሲገባ እነሱንም ጓደኛ አላችሁ ወይ ብሎ ይጀምር።